እድሩ "አማክሪልን" ሲል፦ ለአንዲት የካውንስሊንግ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። መምህሮቻችን "ክፍል ውስጥ ብቻ አትቅሩ፣ በሙያ ማኅበርም በማኅበረሰቡም ተሳተፉ" ይሉናል። እንዴት የሚለውን ግን በዝርዝር የነገረን የለም። ጓደኞቼ ሥልጠና በተባለበት ሁሉ እየሮጡ ሰርተፊኬት ይሰበስባሉ። እኔ ጊዜውም ገንዘቡም የለኝም። በዚህ መሀል የሰፈራችን እድር ሽማግሌዎች "አንቺ ልጃችን ነሽ፣ ይህንኑ ነው የተማርሽው፤ የተጣሉ ባልና ሚስት አሉና አማክሪልን" ብለው ጠሩኝ። ጎረቤታችንም የ16 ዓመት ልጇን ይዛ ቤት ድረስ መጣች። እምቢ ብል ኮራች እባላለሁ። እሺ ብል ይፈቀድልኝ አይፈቀድልኝ አላውቅም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ቦታ ከፍለሽ ነው የጻፍሽው። አንዱ ስለ ተሳትፎ ነው፣ ሌላው ስለ እድሩና ስለ ጎረቤትሽ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ሆኖ ነው የታየኝ። መምህሮችሽ "ማኅበረሰቡ ውስጥ ግቡ" እያሉሽ ነው፣ ማኅበረሰቡ ደግሞ ቀድሞሽ ቤትሽ ገብቷል። ብዙ ተማሪዎች ቦታ ፍለጋ ደብዳቤ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታሉ። አንቺን ሰው አምኖ ጠርቶሻል። የቀረው ይህን እምነት በምን መልክ እንደምትቀበዪው ማወቅ ነው።

መጀመሪያ አስቸኳዩን እንጨርስ። ባልና ሚስቱን አታማክሪ። የጎረቤትሽንም ልጅ ተገልጋይ አድርገሽ አትያዣት። ይህን የምለው ችሎታሽን ንቄ አይደለም። ሁለቱም ሥራ ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም ሥራሽን የሚከታተልና የሚያርም ልምድ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች የሚከታተልሽ ሰው የለሽም። በዚያ ላይ ታውቂያቸዋለሽ፣ ያውቁሻልም። ባልየው ምናልባት ከአባትሽ ጋር አንድ እድር ነው። ዛሬ የቤቱን ገመና ሰምተሽ ነገ ለቅሶ ቤት እንጀራ ስታቀርቢለት ዓይኑን ያሸሽብሻል። ሚስትየዋም ገበያ ላይ ባየችሽ ቁጥር "ለእናቷ ነግራት ይሆን?" ትላለች።

የአሜሪካ ካውንስሊንግ ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሚዛን ጠብቀሽ ልታያቸው የማትችያቸውን ወዳጅና ዘመድ ማማከር ይከለክላል። ተማሪም ለተገልጋዩ ያለበት ግዴታ ከተመረቀ ባለሙያ እኩል ነው ይላል። ስለዚህ ነገር ቢበላሽ "ገና ተማሪ ነኝ" ማለት አያድንሽም። ተማሪ መሆንሽንም ለሰውየው ገና ሥራው ሳይጀመር መንገር አለብሽ። ደንቡ የእነሱ ነው፣ የእኛ አገር ሕግ አይደለም። ግን ምክንያቱ ጎንደርም ላይ እንደዚያው ይሠራል። እንዲያውም እኛ ጋር ይበልጥ ይሠራል፤ ምክንያቱም እዚህ ሁሉም ሰው በሆነ መንገድ ይተዋወቃል።

ስለ ባልና ሚስቱ አንድ ነገር ልጨምር። የጥንዶች ምክር ከግለሰብ ምክር ይከብዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ከማስቀመጥ በፊት ለየብቻ ጠይቆ፣ ቤት ውስጥ ዱላ ወይም ማስፈራራት መኖር አለመኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል። ካለ፣ ሚስትየዋ ፊትሽ ያወጣችው አንድ ቃል ማታ ቤት ሲገቡ ሊያስመታት ይችላል። ሽማግሌዎቹ የለመዱት ማስታረቅ ስለሆነ ይህን ላይጠይቁ ይችላሉ። አንቺ ግን ማሰብ አለብሽ። ጉዳዩን ለባለሙያ ስታስተላልፊም ይህ ጥያቄ መጠየቁን አረጋግጪ።

እንግዲህ እንዴት እምቢ ይባላል? ኮራች ሳትባዪ እምቢ ማለት ይቻላል። ለእድሩ ሊቀመንበር እንዲህ በያቸው፦ "ጋሼ፣ ልጃችን ብላችሁ ስለጠራችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ ሰው ለብቻዬ እንድይዝ አልተፈቀደልኝም። ደግሞ የሰፈር ልጅ ስለሆንኩ እኔ ፊት ማውራት ይከብዳቸዋል። የማያውቃቸው ባለሙያ ያለበትን አውቃለሁ፤ ፈቃደኛ ከሆኑ እኔ ራሴ አገናኛቸዋለሁ። እድሩ ሌላ የሚፈልገው ነገር ካለ ግን ልታዘዛችሁ።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። በሩን የምትዘጊው ለአንድ ሥራ ብቻ እንደሆነ የምትነግራቸው እሷ ናት። ወደ እሷ እመለስበታለሁ።

ጎረቤትሽን ደግሞ ደጅ ላይ አትመልሻት። አስገብተሽ ቡና አፍይላት። ልጅቷን ተገልጋይ አድርገሽ አትይዣትም ማለት አታዳምጫትም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ይህን ለማድረግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ የሠለጠነ ማንኛውም ሰው ይችላል። መመሪያው ሰውየው የደረሰበትን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲያወራ መጎትጎት እንደሌለብን ይናገራል። ይህ ለእኛ ለካውንስሊንግ ሰዎች ይከብደናል። "እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" ማለት ይቀናናል። ልጅቷ የምትፈልገውን ያህል ትናገር፣ አንቺ አትቆፍሪ።

አንድ ጥያቄ ግን በቀጥታ ጠይቂያት፤ እናቷ ቡናውን ስትጠጣ ለብቻዋ ወጣ አድርገሽ። "መኖር ያስጠላሽ፣ መሞት የተመኘሽበት ጊዜ አለ?" ይህን መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልባትም፤ በተደጋጋሚ ተጠንቶ የታወቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተጠየቀ ሰው እፎይ ይላል። "አዎ" ካለች ብቻዋን እንዳትሆን፣ ቤት ያለ መድኃኒትና ፀረ ተባይ እንዲቆለፍበት ለእናቷ ትነግሪያለሽ። ይህን ለእናቷ እንደምትነግሪ አስቀድመሽ ለልጅቷ ንገሪያት፤ ከኋላዋ አታድርጊው። የዚያኑ ቀን አብረሻቸው ሆስፒታል ትሄጃለሽ። "አይ፣ እንዲህ አይነት ነገር የለም" ካለችም፣ ጭንቀቷ ምን እንደሆነ ሰምተሽ ወደሚመለከተው ሰው ትመሪያታለሽ። ለእናቷም "እትዬ፣ እኔ የማልይዛት ስለማውቃት ነው፤ ግን አልተዋትም" ብትያት ይገባታል።

ለማገናኘት ግን መንገዱን ማወቅ አለብሽ። የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ተሳትፎሽ ይህ ይሁን። ጎንደር ውስጥ የተቸገረ ሰው የሚላክበትን ቦታ ሁሉ በእግርሽ ሄደሽ እይው። የዩኒቨርሲቲው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል በየትኛው በር ይገባል? ካርድ የሚወጣው የት ነው? ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይጠይቃሉ ወይ? ስንት ሰዓት የደረሰ ሰው ተራ ያገኛል? ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ማንን ማናገር ይሻላል? ፖሊስ ጋር ሴቶችና ሕፃናትን የሚመለከተው ክፍል የት ነው? የሰፈርሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማን ናት? ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ጻፊው። "ሆስፒታል ሂዱ" ብሎ መላክና "በዚህ በር ግቡ፣ እገሊት የምትባል ነርስ አለች፣ እኔ ልኬያችሁ ነው በሏት" ብሎ መላክ ሰማይና ምድር ናቸው። ከአዘዞ ወይም ከጠዳ የመጣች እናት በር ተሳስታ ሁለት ሰዓት ከተሰለፈች ተመልሳ አትመጣም።

ይህ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም ሲከፈት፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ጎንደር አጠገብ ያለውን የደንቢያን ሕዝብ የወባ ወረርሽኝ ፈጅቶት ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን ያሠለጠነው አንድ ላይ እየላከ፣ ሕዝቡ መሀል ነው። እስከ ዛሬም የጤና ተማሪዎች ከተለያየ ዲፓርትመንት ተሰባጥረው የሚወጡበት የቡድን ሥልጠና አለ። እኛ የካውንስሊንግ ሰዎች ከዚህ ልምድ ብዙ የምንወስደው አለ ብዬ አምናለሁ። ዲፓርትመንትሽን "እኛስ ከእነሱ ጋር መውጣት አንችልም ወይ?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ቢበዛ እምቢ ይሏችኋል።

አሁን ወደ እድሩ ልመለስ። "ሌላ የሚፈልገው ነገር ካለ ልታዘዛችሁ" ብለሻቸዋል። ምን አለ?

ሐዘን አለ። እድር ማለት ከሁሉ በፊት የሐዘን ተቋም ነው። ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ምግቡን ያቀርባሉ፣ ሰው ሌሊቱን ሐዘንተኛ ጋር ያድራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሐዘንተኛ የሚያስፈልገውን ነገር የትኛውም የካውንስሊንግ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ አያዘጋጅም። አንቺ እዚያ ላይ የምትጨምሪው ነገር የለም፤ ቁጭ ብለሽ ተማሪ። ማን ምን ይላል? ማን ዝም ይላል? አልቃሿ የሟችን ታሪክ በግጥም ስታወርድ ሐዘንተኛዋ መቼ ትቀልላለች፣ መቼ ይብስባታል?

ክፍተቱ ያለው በኋላ ነው። ሰልስት ካለፈ፣ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ሰው ወደየሥራው ይበተናል። አርባው ሲደርስ ለአንድ ቀን ይመለሳል። በመሀሉ ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ ጭር ይላል። ልጆቹ "አባዬስ?" ብለው የሚጠይቁት ያን ጊዜ ነው። የቤት ኪራዩም፣ የውርስ ጣጣውም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ እንቢ ማለቱ፣ ከሰው መሸሹ እየከረረ ቢሄድ የሚያየው ሰው የለም። እድሩን ልትረጂው የምትችዪው እዚህ ጋ ነው። ለሊቀመንበሩና ለሴቶቹ ተጠሪ አንድ ሐሳብ ይዘሽ ቅረቢ፦ ከሰልስት እስከ አርባ፣ ከአርባም በኋላ ለጥቂት ወራት በሳምንት አንድ ቀን ሐዘንተኛ ቤት የሚሄዱ ሁለት ሁለት እናቶች ይመደቡ። አዲስ መዋጮ አያስፈልገውም። አንቺ የምታደርጊው ለእነዚያ እናቶች ማዳመጥን፣ የአደጋ ምልክቶችን ማወቅንና የት እንደሚልኩ ማሳየት ነው። ይህንንም ለብቻሽ አታድርጊው፤ አንድ መምህርሽ ወይም ከሆስፒታሉ አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ከጎንሽ ይቀመጥ።

እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚሠራ ማስረጃ አለ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. የሰፈር አሮጊቶችን አሠልጥነው፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተጨነቁ ሰዎች ጋር እንዲቀመጡ አደረጉ። ነገሩ በጥናት ተፈትኖ ውጤቱ በ2016 ታተመ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ከተለመደው አገልግሎት ካገኙት ይልቅ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ቀንሶ ተገኘ። የእኛ ሰፈር እናቶች ከዚምባብዌዎቹ በምን ያንሳሉ? በምንም። የሚያንሳቸው የሚያሠለጥናቸውና ሲከብዳቸው የሚደውሉለት ሰው ነው። በተለይ አሁን። ከጦርነት የሸሹ፣ ቤታቸውን ጥለው ጎንደር ከዘመድ ቤት የተጠጉ ብዙ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ የትውልድ ሰፈራቸውን እድርም አጥተዋል። እድራችሁ እነዚህን ሰዎች ለቅሶ ላይ እንዴት እንደሚያስተናግዳቸው ጠይቂ። መዋጮ ያልከፈለ ሰው ሲሞትበት አብሮት የሚያለቅስ መኖሩ ራሱ ሕክምና ነው።

ምስጢር ወደሚለው ልምጣ፤ ጎንደር ውስጥ ትልቁ ፈተና እሱ ነውና። ፕራክቲከም፣ ማለትም በሱፐርቫይዘር ሥር ሰው የምታማክሪበትን የተግባር ልምምድ ስትጀምሪ ተገልጋዮችሽን በየቦታው ታገኚያቸዋለሽ። ባጃጅ ውስጥ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ። ጥር 11 ቀንማ ከተማው ሁሉ ጥምቀተ ባሕሩ ላይ አንድ ቦታ ነው። የውጭ መማሪያዎች "ተገልጋይሽን መንገድ ላይ ካገኘሽ ቀድመሽ ሰላም አትበዪ፣ እሱ ካለ መልሺ" ይላሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ግን እዚህ አንዲት ልጅ የእናቷን እኩያ አይታ ዝም ብላ ብታልፍ ነውር ነው። ከሴትዮዋ አጠገብ ያለች ጓደኛዋም "ምን አድርገሻት ነው ሰላም የማትልሽ?" ማለቷ አይቀርም። ዝምታው ራሱ ምስጢሩን ያወጣዋል።

እኔ ተማሪዎቼን የምመክረው ይህን ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ አንሺው። "እትዬ፣ ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፣ መገናኘታችን አይቀርም። ውጭ ሳገኝዎ ምን ባደርግ ይሻልዎታል?" ብለሽ ጠይቂ። አብዛኞቹ "ኧረ ሰላም በይኝ እንጂ!" ይላሉ። ያኔ ሰላምታው እንደማንኛውም ሰው ይሁን። "እንደምን ዋሉ፣ ቤት ሰላም?" ብለሽ እለፊ። አትቁሚ። "እንዴት ሆኑ፣ ተሻለዎት?" አትበዪ። ፊትሽም አይዘን። ሰው "ከየት ታውቂያታለሽ?" ቢልሽ "ከትምህርት ቤት አካባቢ" ምናምን ብለሽ አትዋሺ፤ ውሸቱ ነገ ይጋለጣል። "እንተዋወቃለን" ብለሽ ወሬ ቀይሪ። ቤት ስትገቢም ለእናትሽ አትንገሪ። እናትሽ ደግሞ መጠየቋ አይቀርም። "እማዬ፣ ሥራዬ ውስጥ ያለ ሰው ስም ከአፌ አይወጣም፣ ባንቺም ጉዳይ ቢሆን እንደዚሁ ነበር" ብለሽ አንዴ ቁርጡን ንገሪያት።

ስጦታም ይመጣል። ያመሰገነሽ ሰው እንቁላል ወይም አንድ ኪሎ ቡና ይዞ ይመጣል። የአሜሪካው ደንብ እንኳ ትንሽ ስጦታ በአንዳንድ ባህል የአክብሮት ምልክት መሆኑን ይቀበላል፤ ዋጋውንና ሰውየው የሰጠበትን ምክንያት አይተሽ ወስኚ ነው የሚለው። ገንዘብ አትቀበዪ። ቡናውን ተቀብለሽ ከባልደረቦችሽ ጋር አፍልታችሁ ጠጡ፣ ለሱፐርቫይዘርሽም ንገሪ።

የንስሐ አባቶችን አትርሺ። ጎንደር አርባ አራት ታቦት የሚባልላት ከተማ ናት፤ ችግር የገጠመው ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነግረው ለንስሐ አባቱ ነው፣ ቀጥሎ ጠበል ይሄዳል። እነሱ ምስጢር መጠበቅን ከእኛ ሙያ በብዙ መቶ ዓመት ቀድመው ያውቁታል። ከጠበልና ከሕክምና አንዱን እንዲመርጡ ሰዎችን አታስገድጂ። ጠበሉን ይጠመቁ፣ መድኃኒታቸውንም አያቋርጡ። ይህን አንቺ ብትናገሪው ላይሰሙሽ ይችላሉ፤ ካህኑ ከተናገሩት ይሰማል። ስለዚህ በሰፈርሽ ካሉ አንድ አባት ጋር፣ ከሙስሊሙም ወገን ከመስጊዱ ኢማም ጋር ተዋወቂ። የሚቀርቡሽ አስተማሪ ልትሆኛቸው ከመጣሽ ሳይሆን ልትጠይቂያቸው ከመጣሽ ነው።

ትምህርት ቤት ታስተምሪያለሽ ብለሻል። ትልቅ ዕድል ነው፣ ግን የራስሽን ተማሪዎች ለየብቻ አታማክሪ። ማርክ የምትሰጪው አንቺ ነሽ፤ ልጁ ልቡን ከፍቶ ቢነግርሽ ነገ ፈተና ሲወድቅ ሁለታችሁም ትቸገራላችሁ። ለየብቻ የሚታይ ጉዳይ ካለ ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ለሌላ ሰው አስተላልፊ። ለሁሉም የሚሆን የክፍል ውይይት ግን ማዘጋጀት ትችያለሽ። ጥር 2015 ዓ.ም ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም ማለፊያ ያላመጣው ልጅ ካመጣው እጅግ ይበልጣል። ያ ሁሉ ልጅ ውጤቱን ስልኩ ላይ አይቶ ቤት ውስጥ አንገቱን ይደፋል፣ ወላጅም ምን እንደሚል አያውቅም። ውጤት ከመውጣቱ በፊት ወላጆችን ጠርታችሁ "ልጃችሁ ባያልፍ የዚያን ቀን ማታ ምን ትሉታላችሁ?" ብላችሁ ብትወያዩ ከማንኛውም የፖስተር ዘመቻ ይበልጣል። ርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ለመስጠት የሚያስቸግር ጉዳይ አይደለም።

ሙያ ማኅበሩ ላይ አጭር ልሁን። የኢትዮጵያ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር አለ፤ አባል የመሆን መንገዱን ከመምህሮችሽ ጠይቂና ግቢ። አባልነቱ መታወቂያ ይዞ መቀመጥ ከሆነ ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ጽሑፍ የሚያርም፣ የስብሰባ አዳራሽ የሚያስተካክል ሰው የማያስፈልገው ማኅበር የለም። ያንን ሥራ የሚሠራ ተማሪ ከአንጋፋዎቹ ጋር ይተዋወቃል። አዲስ አበባ ድረስ ለኮንፈረንስ መሄድ ወጪውም መንገዱም ከባድ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ ራስሽን አትውቀሺ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የሚደረጉ የጥናት መድረኮች አሉ፤ መጀመሪያ ተሰብሳቢ፣ ቀጥሎ አቅራቢ ሁኚ። ሰርተፊኬቱንስ? አንድ ሥልጠና ከመግባትሽ በፊት "ከዚህ በኋላ የሚከታተለኝ አለ ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። ከሌለ ይቅርብሽ። ሁለት ቀን ተሠልጥኖ ማንም የማይከታተለው ሰው ሥልጠና ካልወሰደው ይልቅ ያሰጋኛል፤ አውቃለሁ ብሎ ይገባበታላ።

ከማኅበሩ ይልቅ አሁን ሕይወትሽን የሚለውጠው የጓደኞችሽ ቡድን ነው። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ በየሁለት ሳምንቱ ተገናኙ። እንደ እቁብ ተራ አውጡ፤ ዕጣው የደረሳት ያቺ ቀን የከበዳትን ጉዳይ ታቅርብ፣ ሌሎቹ ያዳምጡ፣ ይጠይቁ። በወር አንዴ አንድ መምህር ይገኝላችሁ። ፒያሳ ካፌ ውስጥ አይሁን፤ ጠረጴዛው ላይ ያለችው የማኪያቶ ብርጭቆ ሳትቀዘቅዝ ከኋላችሁ ያለው ሰው ሁሉን ሰምቶ ይጨርሳል። ባዶ ክፍል ፈልጉ። ስም አይጠራ ብቻ ማለት አይበቃም። "አዘዞ ያለች የሒሳብ መምህርት፣ ባሏ ሹፌር" ካልሽ ስሟን ጠርተሻታል። ሰፈሩን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ቁጥር ቀይሪ ወይም ተዪ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሰው ጉዳይ በፍጹም አይጻፍ፣ የድምፅ መልእክትም አይላክ። ግሩፑ ለቀጠሮና ለመጽሐፍ ፒዲኤፍ ይሁን።

ጊዜ የለኝም ብለሻል። አምንሻለሁ። ስለዚህ ሁሉንም አታድርጊ። አንድ የማኅበረሰብ ቦታ፣ አንድ የሙያ ቡድን፤ እስክትመረቂ ድረስ እነዚያው ይሁኑ። እድሩን ከመረጥሽ ትምህርት ቤቱ ይቆይ። በየወሩ አዲስ ቦታ የምትታይ ተማሪ የትም ቦታ አትታመንም፤ ሰው ምስጢሩን የሚነግረው ዓመቱን ሙሉ ላያት ሰው ነው። ሰዓቱም ከትምህርትሽ ውጭ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ የካውንስሊንግ ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ካክሬፕ የሚባለው አካል ከአንድ የማስተርስ ተማሪ ቢያንስ 100 ሰዓት ፕራክቲከምና ከዚያ ቀጥሎ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ (ረዘም ያለ የሥራ ላይ ልምምድ) ይፈልጋል። ከ600ው በቀጥታ ከተገልጋይ ጋር እንዲሆን የሚጠይቀው 240ውን ነው፤ በየሳምንቱም ሱፐርቪዥን አለ። ቀሪው 360 ሰዓት ስብሰባ፣ ሪፈራል፣ ጽሑፍ፣ ዝግጅት፣ አካባቢን ማወቅ ነው። አንቺ ለእድሩ የምትሠሪው ከዚያኛው ወገን ነው። የእናንተ ዲፓርትመንት እንዴት እንደሚቆጥረው ሥራውን ሳትጀምሪ አስተባባሪውን ጠይቂ፤ የሚቆጠር ከሆነ በጽሑፍ ይስጡሽ።

እስከዚያው ድረስ ዛሬውኑ አንድ ደብተር ግዢ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስንት ሰዓት እንደቆየሽና ምን እንደሠራሽ ጻፊበት፤ የሰው ስም አይግባበት። በየወሩ መጨረሻ ለመምህርሽ አሳይተሽ አስፈርሚው። ዓመት ሙሉ አጠራቅመሽ ለምረቃ ሲቃረብ ብትወስጂው ፈራሚው ለትምህርት ውጭ ሄዶ ታገኚዋለሽ። የጎረቤትሽን ልጅ ጉዳይ ግን ለነገ አታሳድሪው፤ ማታውኑ ሄደሽ ጠይቂያቸው።